የኬሪ ጁኒየር የጌሊክ ፉትቦል ሻምፒዮንሺፕ፦ አስር ዩሮ ያወጣል ወይ?

ለቸኮለ ሰው ከወዲሁ ልናገርና ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። የቀነስኩት አንዱ ኮከብ በጨዋታው ምክንያት አይደለም፣ ከሜዳው ውጪ ባለው ዝርክርክነት ነው፣ እሱን ቆየት ብዬ አመጣዋለሁ ምክንያቱም የምናገረው አለኝ። ብቻ አየርላንድ ውስጥ በተለይ ኬሪ በሚባለው ካውንቲ (ክፍለ ሀገር በሉት) አካባቢ የምትኖሩ ወይ በኦገስትና በኦክቶበር መሀል ወደዛ ብቅ የምትሉ ካላችሁ፣ ለእሁድ ከሰዓት ከዚህ የተሻለ ርካሽ መዝናኛ አላገኘሁም።

ጌሊክ ፉትቦል (አየርላንዶች በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ኳስ ነው) ማየት እፈልጋለሁ ስትሉ ሁሉም ሰው ደብሊን ክሮክ ፓርክ ሂዱ ነው የሚላችሁ። አልቃወምም፣ 82,300 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ማን ይጠላል። ግን የኦል አየርላንድ (ካውንቲዎች የሚፋለሙበት የአገሪቱ ትልቁ ዋንጫ) ፍጻሜ ቲኬት በአብዛኛው በክለቦች በኩል ስለሚከፋፈል ሰው ከሌላችሁ ማግኘቱ ራስ ምታት ነው፣ ቢገኝም ከላይኛው ፎቅ ተቀምጣችሁ ተጫዋቹን በጀርባ ቁጥሩ ነው የምትለዩት። ጁኒየር ላይ አጥሩን ተደግፋችሁ ነው የምታዩት። ተከላካዩ አጥቂውን ምን ብሎ እንደሰደበው ትሰማላችሁ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሲጋጭ ድምፁ እናንተ ጋ ይደርሳል፣ አሰልጣኙ ከመስመሩ ዳር አጠገባችሁ ቆሞ እንደ እብድ እየጮኸ ነው። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት 10 ዩሮ ነው፣ በምድብ ጨዋታዎች ደግሞ ከዛም ባነሰ ገብቻለሁ።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ እናጥራ፣ ጁኒየር ሲባል የልጆች ውድድር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ አይደለም። አዋቂዎች ናቸው። በየካውንቲው ያሉ ክለቦች በደረጃ ይከፈላሉ፣ ሲኒየር ከላይ፣ ኢንተርሚዲየት መሀል፣ ጁኒየር ከታች። ኬሪ ውስጥ ጁኒየሩም ራሱ ተከፋፍሎ የላይኛው ጁኒየር ፕሪሚየር ይባላል፣ እኔም በአብዛኛው የማወራው ስለሱ ነው። በምድብ ይጀምራል፣ ከዛ ጥሎ ማለፍ፣ ዋንጫ የበላ ወደ ኢንተርሚዲየት ያድጋል። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ጂኤኤ የሚባለው ማህበር በ1884 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቲፐሬሪ ውስጥ ተርለስ በምትባል ከተማ ከተመሰረተ ጀምሮ አማተር ነው፣ ክሮክ ፓርክ ላይ 80 ሺ ሰው ፊት የተጫወተውም ሰውዬ በነጋታው ስራ ይገባል። ተጫዋች መግዛት መሸጥ የለም፣ ሰው በደንቡ የሚጫወተው ለአጥቢያው ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ውስጥ ሶስት ወንድማማች፣ የአክስት ልጅ፣ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን፣ ገና 18 የሞላ የማይመስል ልጅና ጉልበቱን በፋሻ የጠቀለለ 40 የተጠጋ ጎልማሳ አብረው ታያላችሁ። ሰውነቱ የተገነባ አትሌት አለ፣ ሆዱ ማሊያውን የወጠረ ሰውም አለ፣ እና ብዙ ጊዜ ጨዋታውን የሚያነበው ባለ ሆዱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ እዚሁ መሀል በአለም ላይ ጌሊክ ፉትቦል ከሚጫወቱ ሰዎች ሁሉ የሚበልጠው ሰውዬ ይቆማል። ቀልድ አይደለም። ዴቪድ ክሊፎርድ በ2022 ከኬሪ ካውንቲ ቡድን ጋር ኦል አየርላንድ በልቶ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ከተባለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ወደ ክለቡ ወደ ፎሳ ተመልሶ ጁኒየር ፕሪሚየር ነበር ሲጫወት የነበረው። ፎሳ ማለት ከኪላርኒ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ አጥቢያ ናት። ወንድሙ ፖዲም አብሮት ነው፣ እሱም የኬሪ ተጫዋች ነው። የኬሪን ጁኒየር በሉ፣ ከዛ ኬሪ ያለችበትን የሙንስተርን ክልል ዋንጫ በሉ፣ ጃንዋሪ 2023 ላይ ክሮክ ፓርክ ገብተው የታይሮን ካውንቲውን ክለብ ስቱዋርትስታውን ሃርፕስን አሸንፈው የኦል አየርላንድ ጁኒየር ክለብ ዋንጫ ወሰዱ። እስቲ አስቡት፣ ሳምንቱን ሙሉ ማስተማር ስራው የሆነ ሰው፣ በዘርፉ የዓለም አንደኛ፣ ቅዳሜ ሲሆን ከሰፈር ልጆች ጋር በሶስተኛው ደረጃ ሊጋጠም ይመጣል፣ ተቃራኒው ላይ ደግሞ አንድ ምስኪን ተከላካይ «ዛሬ እሱን አንተ ያዝ» ተብሎ። ፎሳ አሁን ከጁኒየር ወጥታለች፣ ስለዚህ እሱን አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ፣ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ይገባችኋል፣ ጥሩ ተጫዋች ስለሆንክ ወደ ትልቅ ክለብ ትሄዳለህ የሚባል ነገር እዚህ ብዙም የለም።

እዚህ ጋ ኬሪ አንድ ብልሃት አላት። የትንሽ ክለብ ተጫዋቾች ሲኒየር ሳይነኩ እንዳይቀሩ የአካባቢ ክለቦች ተሰብስበው ዲቪዥን የሚባል የጋራ ቡድን ይሰራሉ፣ ዋናው የካውንቲ ሲኒየር ሻምፒዮንሺፕ ላይ እሱ ቡድን ይገባል። ክሊፎርድ በጁኒየር ክለብ እያለ ኢስት ኬሪ ከሚባለው ዲቪዥን ጋር የካውንቲውን ሲኒየር ዋንጫ አንስቷል፣ ኢስት ኬሪ 2019ን፣ 2020ን፣ 2022ን እና 2023ን በልቷል። ለተመልካች ትርጉሙ ምንድነው፣ ጁኒየር ጨዋታ ላይ የምታዩት ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲኒየር ሊጫወት ይችላል፣ ስለዚህ ፕሮግራሙን (የተጫዋቾቹ ስምና ቁጥር ያለበትን ወረቀት) ገዝታችሁ ስሙን ያዙት።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ቲኬት በአብዛኛው ኦንላይን ነው፣ በር ላይ ካሽ እሰጣለሁ ብላችሁ አትሂዱ፣ ካርድ የሚቀበሉበትም ኦንላይን ብቻ የሚሉበትም ቦታ አለ። ችግሩ የገጠር ሜዳ ላይ ኔትዎርክ እንደልብ አይደለም፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ቲኬት ለማውረድ ስትታገሉ ከኋላችሁ ሰልፉ ይረዝማል፣ ቲኬቱን ቤት ሆናችሁ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ውጡ። በር ላይ የሚቆሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አንፀባራቂ ሰደሪያ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ጋር መጨቃጨቅ ነውር ነው፣ ደሞም ጥሩ ሰዎች ናቸው።

የሚያናድደው የጨዋታዎቹ መርሃ ግብር ነው። መቼ፣ የት፣ ስንት ሰዓት የሚለውን አንድ ቦታ ላይ አስተካክሎ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቀላል። ጨዋታ ቅዳሜ ተብሎ ወደ እሁድ ይዞራል፣ ከዛ ሜዳው ይቀየራል፣ የተቀየረውን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው ምክንያቱም የሰፈሩ ሰው ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ አለ። አንዴ አንድ ሜዳ ደርሼ በሩ ዝግ፣ ውስጥ አንድ ሳር የሚያጭድ ሰው ብቻ ነበር፣ «ኦ፣ ያ ጨዋታ እኮ ትናንት ማታ ተቀይሯል» አለኝ እንደ ቀላል ነገር፣ ክለቡን አልጠራም። በአጥቢያው ሰው ሞቶ ጨዋታ ሲራዘም ግን አልወቅስም፣ እዛ ቀብር ካለ ኳስ የለም፣ ትክክል ነው። ሌላው ሁሉ ግን ከስንፍና የመጣ ነው። እኔ አሁን የማደርገው የሁለቱንም ክለቦች ፌስቡክ ፔጅ በጨዋታው ቀን ጠዋት ማየት ነው፣ የአንዱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ያጎደልኩት ኮከብ ግማሹ ይሄ ነው።

ግማሹ ደግሞ ሽንት ቤቱ። ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ሜዳዎቹን በተመለከተ ሁለት አይነት ገጠመኝ አለ። የምድብ ጨዋታ በየክለቡ ሜዳ ነው፣ መቀመጫ ካለ ትንሽ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፣ ከሌለ ቆማችሁ። ነፋሱ ከአትላንቲክ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ኦገስት ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ፣ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው፣ ጃንጥላ ዋጋ የለውም፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ነው የሚያዋጣው። አንዳንድ ሜዳ ላይ መኪናቸውን ፊቱን ወደ ሜዳው አዙረው አቁመው ከውስጥ ሆነው የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ ነጥብ ሲቆጠር ጥሩምባ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ደንግጬ ነበር አሁን ግን ከጭብጨባ በላይ ያስቀኛል። ጥሎ ማለፉ ሲደርስ ደሞ ወደ ትልልቆቹ ይዛወራል፣ ትራሊ ያለው ኦስቲን ስታክ ፓርክ ወይ ኪላርኒ ያለው ፊትዝጄራልድ ስታዲየም። መኪና ለሌለው ሰው ትራሊ ይሻላል፣ ባቡር ጣቢያውና ሜዳው አንድ መንገድ ላይ ናቸው። ኦስቲን ስታክ ማለት ኬሪ በ1904 ኦል አየርላንድ ስትበላ አምበሉ የነበረ ሰው ነው። ለዓይን ከሆነ ግን ኪላርኒ፣ በ1936 የተከፈተ ስታዲየም ነው፣ ከተራራው ስር፣ ኳሱ አሰልቺ ከሆነ ተራራ ታያላችሁ። ችግሩ ወደ 38 ሺ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ሁለት ትንንሽ አጥቢያ ሲገባ ባዶ ይመስላል፣ ጩኸቱ ይበተናል፣ ለዚህ ነው ሩብ ፍጻሜን በትንሽ ሜዳ ማየት ብዙ የሚሻለው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። በአንድ ቡድን 15 ሰው፣ የክለብ ጨዋታ 60 ደቂቃ። ግቡ እንደ ኤች ፊደል ነው፣ ከታች መረብ ከላይ ሁለት ረጅም እንጨት። ከመረብ ሲገባ ጎል ነው፣ ጎል 3 ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በላይ ሲያልፍ 1 ነጥብ። ስኮሩ የሚፃፈው ለየብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ 1-12 ለ 0-14 ሲባል ያሸነፈው የመጀመሪያው ነው፣ አንድ ጎል 3፣ ሲደመር 12፣ 15 ይሆናል። ኳሷ ድብልብል ናት፣ ከለመድነው ትንሽ ከበድ ትላለች፣ ከ480 እስከ 500 ግራም። ይዞ መሮጥ ይቻላል ግን በየአራት እርምጃው ወይ መሬት ላይ ማንጠር ወይ በራስ እግር መታ አድርጎ ወደ እጅ መመለስ አለበት፣ ይሄ ሶሎ ይባላል፣ ሁለቴ አከታትሎ ማንጠር አይፈቀድም። ማቀበል በእግር ወይ በእጅ መትቶ ነው፣ መወርወር ክልክል። ከመሬት በቀጥታ በእጅ ማንሳትም ክልክል፣ በእግር ጫፍ ጫር አድርጎ ወደ እጅ ማምጣት ነው፣ ዝናብ ቀን ጁኒየር ላይ ይቺን ለማድረግ አምስት ሰው አንድ ኳስ ላይ ሲርመሰመስ ማየት ብቻውን ቲኬቱን ያወጣል።

ከ2025 ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ተለውጧል፣ እውነቱን ለመናገር ባይለወጥ ኖሮ ይሄን ሪቪው በ3 ኮከብ ነበር የምፅፈው። ድሮ አንድ ቡድን ኳስ ሲያጣ ሁሉም ሰው ተጠቅልሎ ግብ ፊት ይደረደር ነበር፣ ሌላኛው ደግሞ በእጅ ወዲህ ወዲያ እያቀበለ ይዞራል፣ ሰው ያዛጋል። ደብሊንን ከ2015 እስከ 2019 አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ያደረገው ጂም ጋቪን የመራው ኮሚቴ አዳዲስ ህጎች አመጣ። ከግቡ 40 ሜትር ላይ ከተሰመረው ቅስት ውጪ የተመታ ኳስ ከአግዳሚው በላይ ካለፈ 2 ነጥብ ሆነ። እያንዳንዱ ቡድን በሁለቱም ግማሽ ሜዳ ላይ ቢያንስ ሶስት ሰው እንዲተው ተገደደ፣ ስለዚህ መጠቅለል ቀረ። በረኛው ኳስ ሲያስጀምር ከዛ 40 ሜትር ቅስት ማሳለፍ አለበት፣ አጠገቡ ላለ ጓደኛው ሹክ ማለት የለም። ጥፋት ተሰርቶበት ቅጣት ምት ያገኘ ሰው ዳኛውን ሳይጠብቅ ወዲያው መሮጥ ይችላል። ከዳኛ ጋር የተከራከረ ቡድን ኳሷ 50 ሜትር ወደፊት ትሄድበታለች።

እነዚህ ህጎች ትልልቆቹ ላይ ጨዋታውን ፈጣን አደረጉት ይባላል፣ ጁኒየር ላይ ግን ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፣ ሰውን አጋለጡት። መደበቂያ የለም። ሶስት አጥቂ ለሶስት ተከላካይ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲቀር፣ ቀስ የሚለው ተከላካይ ቀስ እንደሚል አጥቢያው ሁሉ ያውቃል፣ ኳሱም ወደሱ ነው የሚሄደው። በረኛው ረጅም መምታት ስላለበት፣ ሁሉም በረኛ ደግሞ ረጅም መምታት ስለማይችል፣ መሀል ሜዳ ላይ አራት አምስት ሰው አየር ላይ ይጋጫል፣ ንፁህ አድርጎ የቀለበ ሰው ሲገኝ ደጋፊው ጎል የገባ ነው የሚመስለው። 50ኛው ደቂቃ አካባቢ እግሮች ያልቃሉ፣ ስልጠናቸው ሳምንት ውስጥ ሁለት ማታ ከስራ በኋላ የሆነ ሰዎች ናቸው፣ እና ከዛ በኋላ ያለው አስር ደቂቃ ቅጥ የለውም፣ ስድስት ነጥብ የሚመራ ቡድን ይደርስበታል፣ ይሄንን ሲኒየር ላይ እንዲህ በየሳምንቱ አታገኙትም። ባለ 2 ነጥቧን ሁሉም ሰው መሞከር ይፈልጋል፣ ከአስሩ ብዙዎቹ ወደ ላሞቹ ነው የሚሄዱት፣ አንዷ ስትገባ ግን ሜዳው ይናወጣል።

ነፋሱን ደሞ እንደ 16ኛ ተጫዋች መቁጠር መቻል አለባችሁ። እዛ ያሉ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ጥሩ ነው ብለው ሳይሆን ነፋሱ ዛሬ ስንት ነጥብ ያወጣል ብለው ነው። እውነትም በእረፍት ሰዓት 0-9 ለ 0-4 እየመራ የገባ ቡድን ነፋሱ ከጀርባው ስለነበር ብቻ ከሆነ፣ ቲፎዞው ፊቱ ላይ ምንም ደስታ አታዩም፣ ምን እንደሚመጣ ያውቃላ። 2 ነጥቧ ከመጣች ወዲህ የነፋሱ ዋጋ ጨምሯል፣ እኔ በበኩሌ ይቺ ህግ ለገጠር ሜዳ የታሰበች አልመሰለችኝም፣ ሳንቲም ተጥሎ ነፋስ ያሸነፈ ቡድን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ዳኞቹ ላይ አንድ ነገር ልበል። ግቡ አጠገብ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፣ ነጥብ ሲሆን ነጭ ባንዲራ፣ ጎል ሲሆን አረንጓዴ፣ ለባለ ሁለቷ ብርቱካናማ። እነዚህን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ዳኛ ራሱ ነው የሚያመጣቸው፣ ጓደኛው፣ ወንድሙ፣ ልጁ። ክሮክ ፓርክ ላይ ከ2013 ጀምሮ ካሜራ ይፈርዳል፣ እዚህ የሚፈርደው የሰውዬው ዓይን ነው፣ ኳሷ ከእንጨቱ ጫፍ በላይ ከሄደች ደሞ ማንም አያውቅም፣ ሁለቱ ተያይተው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው እጃቸውን ወደ ጎን ሲዘረጉ (አልገባም ማለት ነው) ከኋላቸው ያለው ህዝብ የሚላቸውን እዚህ መፃፍ አልችልም። ይሄ ለአንዳንድ ሰው ጉድለት ነው፣ ለኔ የጨዋታው ቅመም ነው፣ ዳኛው ላይ ግላዊ ስድብ ሲሆን ግን አልወደውም፣ ያለምንም ጥቅም እሁዱን የሰጠ ሰው ነው፣ እና አንዳንድ ደጋፊ ልክ የለውም።

ስለ ሰዉ ካነሳን፣ ስትገቡ ያልተጠራችሁበት ሰርግ የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል፣ ሁሉም ሰው ይተዋወቃላ፣ እናንተን ደግሞ ማንም አያውቃችሁም፣ መልካችሁም ከሩቅ ይለያል። ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ማንን ነው የምትደግፉት ይላችኋል፣ ማንንም ካላችሁት ደስ አይለውም፣ ስለዚህ አንዱን ምረጡ፣ ከዛ 7 ቁጥሩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ በስንት ዓመተ ምህረት ፍጻሜ ላይ ቅጣት ምት እንደሳተ፣ አያቱ የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ሳትጠይቁ ይነገራችኋል። ከኋላችሁ ያለች አንዲት እናት «እርምጃ! እርምጃ!» እያለች ትጮሃለች፣ የተቃራኒው ተጫዋች ኳስ በያዘ ቁጥር አራት እርምጃ አልፏል ማለቷ ነው፣ የራሷ ልጅ ስምንት ሲራመድ ግን ዝም ነው። ሻይና ሳንድዊች የክለቡ ሴቶችና ወንዶች ናቸው የሚሸጡት፣ ሻይው ጠንካራ ነው፣ ሳንድዊቹ በአብዛኛው ካም ስለሆነ የአሳማ ስጋ ለማትበሉ ቸኮሌትና ቺፕስ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ፣ ጠግባችሁ ሂዱ። ፍጻሜ ላይ በርገር የሚሸጥ መኪና ይመጣል፣ ዋጋውም ይመጣል።

ፕሮግራሟ ጥቂት ዩሮ ናት፣ ግዟት፣ ግን ያመናችኋት ጊዜ ትከዳችኋለች። አሰልጣኝ ተቃራኒውን ለማወናበድ የሚያሰልፈውን እስከመጨረሻው ይደብቃል፣ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 11 ቁጥር የተባለው ሰው 24 ለብሶ ይገባል። አጠገባችሁ ያለው ሽማግሌ ከፕሮግራሙ የበለጠ ትክክል ነው።

ስለ ደረጃው ሰው ይጠይቀኛል፣ ጁኒየር ስለሆነ ደካማ አይደለም ወይ ይላሉ። መልሱ ኬሪ ላይ ሌላ ቦታ እንደሚሆነው አይደለም። ኬሪ በ2025 ዶኒጎልን አሸንፋ 39ኛ ኦል አየርላንዷን የበላች ካውንቲ ናት፣ ማንም የሚጠጋት የለም፣ ሲኒየር የሚባለው የክለብ ደረጃ ግን ጥቂት ክለቦችን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሌላ ካውንቲ ቢሆን ከፍ ብሎ ሊጫወት የሚችል ክለብ ኬሪ ላይ ጁኒየር ይሆናል። ውጤቱን እዩት፣ ከ2015 እስከ 2020 የኦል አየርላንድ ጁኒየር ክለብ ዋንጫን ስድስት ጊዜ በተከታታይ የወሰዱት የኬሪ ክለቦች ናቸው፣ ብሮስና፣ ቴምፕልኖ፣ ግሌንቤ-ግሌንካር፣ ኖክናጎሸል፣ ቦፎርት፣ ና ጌል። በየዓመቱ ሌላ ክለብ ነው፣ ምክንያቱም የበላው ያድጋላ። የሌላ ካውንቲ ሰዎች ይሄ ፍትሃዊ አይደለም ብለው ያጉረመርማሉ፣ እኔም ትንሽ እውነት አላቸው እላለሁ፣ ግን በ2022 የሜዮው ኪልሚና ግኒቭጊላን፣ በ2024 ደግሞ የካቫኑ አርቫ ሊስቶውል ኤሜትስን በፍጻሜ አሸንፈዋል፣ ሁለቱም ተሸናፊዎች የኬሪ ናቸው፣ ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም። ለተመልካች ግን ትርፉ ግልፅ ነው፣ ትራሊ ላይ በ10 ዩሮ የምታዩት የጁኒየር ፍጻሜ ላይ ከሁለቱ አንዱ ጃንዋሪ ላይ ክሮክ ፓርክ የሚቆም ቡድን ሊሆን ይችላል፣ ተጫዋቾቹም ያንን ያውቁታል፣ ሽንጣቸውን ገትረው ነው የሚጫወቱት።

የማልመክረው የምድቡን መጀመሪያ ዙር ነው። አንድ ክለብ ተጫዋቹ ተሰዷል፣ አውስትራሊያ ሄዷል፣ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ 15 ሰው ለመሙላት ጡረታ የወጣውን ይጠራል፣ ከዛ በ20 ነጥብ ይሸነፋል፣ ለማንም አያስደስትም። ትንንሽ አጥቢያዎች ልጅ እያለቀባቸው ከጎረቤታቸው ጋር ሲዋሃዱ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ስኮር ቦርዱም እዛ ደረጃ ላይ አንድ ልጅ በእጁ ቁጥር የሚሰቅልበት ስለሆነ፣ ልጁ ስልኩን ማየት ሲጀምር ስኮሩ ይቆማል። ኦንላይን ላይቭ የሚተላለፉም አሉ ግን አንድ ካሜራ ነው፣ ኳሷን ካጣት አጣት፣ ዝናብ ሲሆን ሌንሱ ላይ ጠብታ ነው የምታዩት፣ መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ።

ልጆች ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ፣ ከ16 ዓመት በታች ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፣ በሩ ላይ ጠይቁ። በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይዘው ይወርራሉ፣ የናንተም ልጅ ይገባል፣ ማይክ የያዘው ሰው «እባካችሁ ልጆች ከሜዳው ውጡ» ይላል፣ ማንም አይሰማውም። ስድቡን ግን ይሰማሉ፣ ከወዲሁ አስቡበት። ካሽ ትንሽ ያዙ፣ ለሻዩና ለክለቡ ሎተሪ፣ ሎተሪ ሻጩ ሳይሸጥላችሁ አይሄድም። ጥሎ ማለፍ ላይ እኩል ከሆነ ሁለት ጊዜ አስር አስር ደቂቃ ይጨመራል፣ ስለዚህ የመመለሻ ባቡራችሁን በ60 ደቂቃ ሂሳብ አትያዙ፣ እሁድ ባቡሩ እንደልብ አይደለም። ፍጻሜ ላይ ደግሞ ፊሽካ እንደተነፋ ብድግ ብላችሁ አትውጡ፣ ሰው ወደ ሜዳው ይገባል፣ አምበሉ ዋንጫውን ይዞ ንግግሩን በአይሪሽ ቋንቋ ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ለተሸናፊው ቡድን ሶስቴ ሆሬ ያስብላል፣ ተሸናፊዎቹም መሬት ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል።

አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ማየት የምችለው ካላችሁ ግን ፍጻሜውን ትታችሁ ግማሽ ፍጻሜ እዩ። ፍጻሜ ላይ ሁለቱም ይፈራሉ፣ መጀመሪያው ግማሽ ሁሌ የተቆለፈ ነው፣ ቲኬቱም ይወደዳል። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ለማጣት የሚፈሩት ነገር ገና እጃቸው አልገባም፣ ስለዚህ ይለቁታል፣ ይሮጣሉ፣ ከሩቅ ይመታሉ፣ አብዛኛውንም ይስታሉ። ሁለቱ ግማሽ ፍጻሜ በአንድ ቀን አንድ ሜዳ ላይ ከተደረቡ ደሞ በአንድ ቲኬት ሁለቱንም ታያላችሁ።